ጭንቀትን አዝሎ ወጥቶ አዝሎ መመለስ፦ በእግር ጉዞ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐሳብ ሲበዛብኝ «ወጣ ብለህ ተናፈስ» ያላለኝ ሰው የለም። ምክሩን ሰምቼ ለዓመታት ወጥቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ከነጭንቀቴ ተመልሼ፣ ትርፌ የእግር ድካም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ለካ ከአንዲት ጉዞ የማልጠይቀው ነገር አልነበረም፦ መፍትሔ አምጪልኝ፣ ክብደቴን ቀንሺልኝ፣ የዕለቱን ዜና አሰሚኝ፣ ያላለቀውን ስልክ አስጨርሺኝ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ችግሩን ልፍታ ብሎ መውጣት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ብልህነት ስለሚመስል ለመተው ያስቸግራል። ከአለቃ ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል እየደገሙ፣ «እንዲህ ብዬ መልሼ ቢሆን ኖሮ» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ መሄድ ይቻላል። እግር መንገዱን ይጨርሳል፤ ሐሳብ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ እዚያው ይዞራል። ማሰብ ወደ ውሳኔ ያደርሳል፤ ማብሰልሰል ወደ ተነሡበት ይመልሳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ግሪጎሪ ብራትማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለ90 ደቂቃ በእግር አስኪደዋል፤ ገሚሶቹን ሣርና ዛፍ ባለበት ስፍራ፣ ገሚሶቹን መኪና በሚበዛበት ጎዳና ዳር። ዛፍ ባለበት የሄዱት ማብሰልሰላቸው ቀነሰ፤ ከዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ጋር የሚያያዝ የአንጎል ክፍልም እንቅስቃሴው ረገብ ብሎ ታየ። በጎዳናው የሄዱት ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች እኩል ሰዓት ተራምደዋል። ስለዚህ ልዩነት ያመጣው መራመዱ ብቻ አይደለም፤ ዓይንና ጆሮ የሚያርፉበት ነገርም ድርሻ አለው። ደን አጠገብ የሚኖር ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከዋናው መንገድ ይልቅ አንድ ረድፍ ገባ ብሎ ያለውን ጸጥተኛ መንገድ መምረጥ አያቅትም።

ሐሳቡን ግን የት ላድርገው? ቶማስ ቦርኮቬክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 የሞከሩት መላ ለእኔ ሠርቶልኛል። በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ይመደባል፤ ከዚያ ውጭ የመጣው ሐሳብ ሁሉ «ሰዓትህን ጠብቅ» ይባላል። ጭንቀትን አትምጣ ብሎ ማባረር አይቻልም፤ ቀጠሮ መስጠት ግን ይቻላል። እኔ ከመውጣቴ በፊት ያስጨነቀኝን በአንድ መስመር ጽፌ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው እወጣለሁ። መንገድ ላይ ተከትሎኝ ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) ልቤን ወደ እግሬ መዳፍ፣ ወይም ሩቅ ወደሚታየኝ ጣሪያ እመልሳለሁ። በአንድ ጉዞ ሃያ ጊዜ መመለስ ካስፈለገም ሃያ ጊዜ ነው።

ስልክን አብሮ ማናፈስ

ሙዚቃ አልቃወምም። የምቃወመው ዜናውን፣ የድምፅ መልእክቱንና «እግረ መንገዴን ልደውል» የሚለውን ነው። እንዲህ ሲሆን ቢሮው ተነሥቶ አብሮን ይሄዳል። ለደኅንነት ስልክ መያዝ ካለብዎት ድምፁን አጥፍተው በቀላሉ እጅ የማይደርስበት ኪስ ውስጥ ይጨምሩት።

እርምጃ መቁጠር

በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር ከሐኪም ቤት የመጣ ይመስለኝ ነበር። የመጣው ከገበያ ነው፤ በ1965 በጃፓን ለሽያጭ የቀረበ አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ስሙ በጃፓንኛ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነበር። ቁጥሩ ለአካል እንቅስቃሴ ማበረታቻ ሊሆን ይችላል። አእምሮን ለማሳረፍ የወጣ ሰው ግን ሌላ የሚፈተንበት ነገር ምን ያደርግለታል? አንድ ማታ 9,400 ላይ ቆሞብኝ በመኝታ ቤቴ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ራሴን አገኘሁት፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ መቁጠሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቻርለስ ዳርዊን እንግሊዝ ውስጥ በሚኖርበት ቤት አጠገብ የሚዞርበት የአሸዋ መንገድ ነበረው። ዙሩን ለማወቅ ድንጋዮች ከምሮ፣ ባለፈ ቁጥር አንዱን በእግሩ ይገፋው ነበር ይባላል። ቆጠራውን ለድንጋይ ትቶ ጭንቅላቱን ለሌላ ነገር ማስለቀቁ ነው።

ፍጥነቱን መሳት

ሲናደዱ እግር ይፈጥናል፤ ልብ ይመታል፤ አካል አሁንም ጠብ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በሌላ በኩል እንቁላል በእግሩ ይሄድበታል የሚባለው ቀስታም ለማብሰልሰል ይመቻል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የሚከለክል ፍጥነት።

ሰፊ ጊዜ እስኪገኝ መጠበቅ

የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ አካላዊ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም ይል ነበር። በ2020 ባወጣው መመሪያ ይህን ገደብ አንሥቶታል። ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚለው ምክር እንዳለ ሆኖ፣ ትንሹም ከምንም ይሻላል ይላል። ከሁለት ስብሰባ መካከል የምትገኝ ሰባት ደቂቃ መንገድ ላይ ብትውል አትናቅም።

ከሚያማርር ሰው ጋር መሄድ

ጓደኛ ደግ ነው። ሆኖም የእርስዎን ብሶት ተቀብሎ የራሱን ጨምሮበት የሚመልስ ከሆነ፣ ከእሱ ጋር ቡና ይጠጡ፤ ለጉዞው ብቻዎን ይውጡ።

ጉዞን በሕክምና ፈንታ ማድረግ

በዚህ ላይ አልቀልድም። ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከነሣ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሥራ ካስፈታ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም። የእግር ጉዞ ከሕክምናው ጎን ይቀጥላል፤ ሕክምናውን አይተካም።

በር ላይ ሁሉን ማፍሰስ

ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ በ2014 ባሳተሙት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ሰዎች ሲራመዱ አዲስ ሐሳብ የማፍለቅ አቅማቸው ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ በአማካይ በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጉዞው አብቅቶ ሲቀመጡም ወዲያው አልከሰመም። መፍትሔ ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ ሲያሳድዱት የጠፋው ጫማ ሲፈታ ሊመጣ ይችላል። እኛ ግን ያቺን ጥቂት ጊዜ ቁልፉን ሳናወጣ መልእክት በመክፈት እናባክናታለን።

አሁን አሁን ስመለስ ውኃ እጠጣለሁ፣ ጥቂት እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ትቼው የወጣሁትን ወረቀት አነሣለሁ። አንዳንድ ቀን የተጻፈው ጭንቀት እንዳለ ይጠብቀኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያችን አንዲት መስመር ምን ማለቴ እንደ ነበር ለማስታወስ ሁለት ጊዜ አነባታለሁ።