ቅባቱና ዚንኩ ይጣላሉ? ከባንኮኒ ጀርባ የማያቸው ስህተቶች

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወርደው ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። በሰኔ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነጠላቸው የረጠበ እናት ገቡና ከቦርሳቸው ሁለት ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አንዱ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ዚንክ የተባለው ማዕድን ኪኒን ብልቃጥ ነው፤ ሌላው ካርቶኑ የጠፋ፣ ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ የክሎቤታሶል፣ ማለትም የቆዳን መቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ ቱቦ። «ዶክተር» አሉኝ (እዚህ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው)፣ «ይህን እየተቀባሁ ይህን ብውጥ አይጣሉብኝም?»

«አይጣሉም፣ እትዬ። ቅባቱን ከጀመሩ ግን ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው። ለማድያቴ።»

ከጥር እስከ ሰኔ፣ ያውም ፊት ላይ። እሳቸው የፈሩት ዚንኩን ነበር፤ እኔን ያስፈራኝ ቱቦው ነው። ይህ ያለ ቦታው የሆነ ፍርሃት በየሳምንቱ ስለሚያጋጥመኝ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እዚህ ልጻፋቸው።

ግጭቱን ያለ ቦታው መፈለግ

የሚዋጥ ዚንክ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ወይም ብረት አንጀት ውስጥ ተመጥጦ ወደ ደም ይገባል። የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ሥራውን የሚሠራው እዚያው የተቀባበት ቆዳ ላይ ነው። በታዘዘው መጠንና ጊዜ እስከተቀባ ድረስ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚያሳስብ ግጭት የለም።

ፍርሃቱ ግን ከባዶ አልመጣም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የሚዋጥ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጀት ካልሲየም የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሳል፣ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ይጨምራል፣ አጥንትም ይሳሳል። ስለ ኪኒኑ የተሰማው ወሬ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ቅባቱ ላይ ተለጠፈ። ልብ በሉ፣ በኪኒኑም ቢሆን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ ለመከላከያ የሚታዘዙ ናቸው።

«ቅባት ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም ይልቅ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቆዳ በየቦታው ውፍረቱ ይለያያል፤ መድኃኒት የሚያሳልፈውም እንደዚያው ነው። ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ሃይድሮኮርቲዞንን በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ቀብተው ምን ያህሉ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ለክተዋል። በክንድ የሚገባው 1 ነው ቢባል፣ በግንባር 6፣ በመንጋጋ አጥንት ማዕዘን ዙሪያ 13፣ በወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ 42 ነበር። የውስጥ እግር ግን ከክንድ አንድ ሰባተኛውን ያህል ብቻ ነው ያሳለፈው። ለተረከዝ የታዘዘን ቅባት ፊት ላይ መሞከር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ኃይሉም ከቱቦ ቱቦ ይለያል። አንድ በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ከደካሞቹ ወገን ነው። ክሎቤታሶል ከጠንካሮቹ ሁሉ ጫፍ ላይ ያለ ስለሆነ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። መጠኑን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ጣቶችን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። በላዩ ላይ ላስቲክ መጠቅለል ወይም የሕፃን ዳይፐር ማሰር የሚገባውን መጠን ያበዛዋል።

ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉር የሚመስል ሽፍታ ይከተላል። የዓይን ቆብ ላይ ከሆነ ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። ሰፊ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ደግሞ ቅባቱ እንደ ኪኒኑ መሥራት ይጀምራል፤ የሰውነታችንን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል እጢ ይተኛል፣ የደም ስኳር ይወጣል፣ የአጥንት ነገርም ይነሣል። ስለ ካልሲየም ሐኪምን መጠየቅ የሚገባው ያኔ ነው።

የሚቀባውን ዚንክ ከሚዋጠው ጋር ማምታታት

ነጩ የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ወፍራም ስለሆነ ቆዳው ላይ እንደ ሽፋን ይቀመጣል። ከሥር ከተቀባ ስቴሮይዱን ያግደዋል፤ ወዲያው ከላይ ከተደረበ ደግሞ ሊያፍነው ወይም ሊያቀጥነው ይችላል። ሁለቱም ከታዘዙ ስቴሮይዱ ስስ ሆኖ ይቅደም፣ ዚንኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይከተል።

ሦስተኛውን መድኃኒት መርሳት

እውነተኛው ጠብ ያለው እዚህ ነው፤ ማንም ግን አይጠይቀኝም። ለብጉር ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ወጣት ስለ ቅባቱ አሥር ጥያቄ ጠይቆኝ፣ ዶክሲሳይክሊኑን ከብረት ኪኒን ጋር አንድ ላይ እንደሚውጥ የነገረኝ በሩ ላይ ደርሶ ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይህን መድኃኒት አንጀት ውስጥ ጨብጠው ይይዙታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ሌላው አንቲባዮቲክ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማዕድኑ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። የታይሮይድ መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲን አራት ሰዓት ይፈልጋል።

በጾም ወቅት ነገሩ ይብሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው የቀኑን ኪኒን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ያወርደዋል፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ፣ ዚንክ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ጿሚው ሰዓቱን ቢነግረኝ ሌሊትና ምሽት ላይ ከፋፍዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ብዙዎች ግን መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለ ጾም ማንሣት ነውር ይመስላቸዋል።

ለሁሉም ሽፍታ አንድ ቱቦ

ችፌን ያሻለ ቅባት ጭርትንም ቋቁቻንም ያድናል ብሎ ለጎረቤት ማዋስ የተለመደ ነው። ጭርትና ቋቁቻ ከፈንገስ የሚመጡ ናቸው። ስቴሮይድ የጭርትን መቅላትና ማሳከክ ያበርደዋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ስም የሌለው ማቅያ ክሬም ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ክሎቤታሶል ወይም ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። ስለ ዚንክ የሚጨነቅ ሰው ሜርኩሪ ሲቀባ ማየት ግርም ይላል።

ዚንክን እንደ ቆሎ መዝገን

ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 40 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የሰውነትን መዳብ ያጎድላል፣ ደም ማነስም ያመጣል።

ደንግጦ ቱቦውን መጣል

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬውኑ ቱቦውን ቆሻሻ ውስጥ ሊወረውር ይችላል። አይሁን። ለወራት የተቀባ ጠንካራ ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ቆዳው ከቀድሞው በባሰ መቅላትና ማቃጠል ሊነሣ ይችላል፤ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

እነዚያን እናትም ቱቦውን ጣሉት አላልኳቸውም። ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ የት የት እንደተቀቡ በወረቀት ጻፍኩላቸውና ከነቱቦው ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። ጥላቸውን እየዘረጉ ከበሩ ተመለሱ።

«ዚንኩንስ?»

«ዚንኩን ይዋጡት፣ እትዬ። ምሳ ከበሉ በኋላ።»