ሺቫን «አጥፊው» ብላችሁ አትለፉት

ስለ ሂንዱ አማልክት የሚጻፈው ነገር አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ብራህማ ፈጣሪ፣ ቪሽኑ ጠባቂ፣ ሺቫ አጥፊ። ቀጥሎ ላክሽሚ የሀብት፣ ሳራስዋቲ የዕውቀት፣ ጋኔሽ እንቅፋት አስወጋጅ እየተባለ ልክ የመሥሪያ ቤት የሥራ ድርሻ ይመስል ይደረደራል። ለፈተና ለሚሸመድድ ተማሪ ምንም አይልም። ግን ዝርዝሩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ሁሉ ይምታታበታል።

ከሺቫ እንጀምር። ናታራጃ የሚባለውን ሐውልቱን ፈልጋችሁ እዩት፣ በደቡብ ሕንድ የታሚል ናዱ ነሐስ ሠሪዎች በቾላ ነገሥታት ዘመን የተራቀቁበትን፣ በእሳት ቀለበት መሀል ሲጨፍር የሚታይበትን። አራት እጅ አለው። የላይኛው ቀኝ እጁ ትንሽ ከበሮ ይዟል፣ ፍጥረት የሚጀምረው በዚያ ድምፅ ነው። የላይኛው ግራ እሳት ይዟል፣ ማጥፋቱ ይሄ ነው። የታችኛው ቀኝ መዳፉን ወደ እኛ ዘርግቶ «አትፍሩ» ይላል። የታችኛው ግራ ወደ ተነሳው እግሩ ይጠቁማል፣ መጠጊያችሁ እዚህ ነው ለማለት። የቆመበት እግር ደግሞ አንድ ድንክ ረግጧል፣ ድንኩ ድንቁርና ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከአራቱ እጆች የሚያጠፋው አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የኛ ሰው በተለይ የሚወድቅበት ነው። ሦስቱ በአንድነት ትሪሙርቲ ይባላሉ ሲባል ወዲያው «አሃ፣ እንደ ሥላሴ!» እንላለን። አይደለም። ሥላሴ ለክርስትና መሠረት ነው፣ ያለ እሱ እምነቱ አይቆምም። ትሪሙርቲ ግን አማልክቱን አንድ ላይ ለማሰብ የሚረዳ አንድ አቀራረብ እንጂ አብዛኛው ሂንዱ ቁጭ ብሎ ሦስቱን እኩል የሚያመልክበት አይደለም። ለቪሽኑ ተከታይ የሁሉ የበላይ ቪሽኑ ነው፣ ብራህማ እንኳ የተወለደው ከቪሽኑ እምብርት በበቀለ የሎተስ አበባ ላይ ነው ይላችኋል። ለሺቫ ተከታይ የበላዩ ሺቫ ነው። ሻክታ ለሚባሉት ደግሞ ሁሉም የእናቲቱ የዴቪ ኃይል ነው። «ፈጣሪ» የተባለው ብራህማስ? ቤተ መቅደሱ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፣ ስመ ጥሩው ራጃስታን ውስጥ ፑሽካር ያለው ነው። ስለዚህ «ዋናው አምላክ ማነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትጠይቁት ሰው የማን ተከታይ እንደሆነ እወቁ።

ብራህማን ካነሳን አይቀር፣ ሦስት የሚመሳሰሉ ቃላት አሉ። ብራህማ አምላኩ ነው። ብራህማን የሁሉ ነገር መሠረት የሆነው፣ መልክም ቅርጽም የሌለው እውነታ ነው። ብራህሚን የካህናቱ ወገን ነው። በአማርኛ ደግሞ ጣጣው ድርብ ነው፤ «ብራህማን አመለከ» ብላችሁ ስትጽፉ ያቺ የተሳቢ «ን» አምላኩን ወደዚያኛው ትቀይረዋለች። (አሁን እኔም አንቀጹን ስጀምር አድርጌዋለሁ።) «አምላኩን ብራህማ» ብሎ መገላገል ነው።

«330 ሚሊዮን አማልክት አሏቸው» የሚለውም እንደ ቀልድ ይወራል። ቬዳ በሚባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚነሳው ቁጥር 33 ነው። ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በሚባል ጥንታዊ የፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ ያጅናቫልክያ የሚባለውን ሊቅ አንዱ «አማልክት ስንት ናቸው?» ይለዋል። 3,306 ይላል። «እሺ፣ ግን በእውነት ስንት?» 33። «በእውነትስ?» 6። እንዲህ እያለ 3፣ 2፣ 1 ተኩል ይደርስና መጨረሻ ላይ አንድ ይላል። ያቺ አንድ ተኩል ሁሌ ታስቀኛለች።

ራማንና ክሪሽናን ከቪሽኑ ጋር የሚፎካከሩ ሌሎች አማልክት አድርጎ መቁጠርም አለ። ሁለቱ የቪሽኑ አቫታሮች ናቸው። አቫታር «መውረድ» ማለት ነው፣ ቪሽኑ ዓለም ሲበላሽ ይወርዳል። ከአቫታሮቹ ሁሉ የምወደው ናራሲምሃን፣ ሰው-አንበሳውን፣ ነው። ሂራንያካሺፑ የተባለ ክፉ ንጉሥ ሰውም እንስሳም፣ ቀንም ሌሊትም፣ ቤት ውስጥም ደጅም፣ ምድርም ሰማይም ላይ፣ በመሣሪያም እንዳይገደል ከብራህማ ቃል ተቀበለ። ከዚያ ማን ይቻለው! ቪሽኑን ያመለከ የገዛ ልጁን ማሰቃየት ጀመረ። ቪሽኑ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ ሆኖ ከምሰሶ ውስጥ ወጣና፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ በሩ ደፍ ላይ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ በጥፍሩ ዘነጠለው። ውል አንብቦ ቀዳዳ ያገኘ ጠበቃ በሉት። ለነገሩ እዚህም ላይ ክሪሽናን የሚከተሉ አሉ፣ ለነሱ ዋናው ምንጭ ራሱ ክሪሽና ነው።

በመጨረሻ ካሊ። ምላሷን አውጥታ፣ የራስ ቅል ሐብል አጥልቃ ስትታይ «የሞት አምላክ» ተብላ ታልፋለች። የሞት ጌታ ያማ ነው። ካሊ ምላሷን የዘረጋችው ራክታቢጃ ከሚባል ጠላት ጋር በተደረገ ጦርነት ነው፤ ደሙ ጠብ ባለ ቁጥር ከመሬት እሱን የመሰለ ሌላ ይነሳል፣ ስለዚህ መሬት ሳይነካ ጠጣችው። ቤንጋሎች «ማ»፣ እናት ነው የሚሏት። «ካሊ ዩጋ» ከሚባለው ክፉ ዘመን ጋርም አታገናኟት፣ ቃሉ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ፊደላችን ይረዳናል፤ እናቲቱን በራብዑ ካሊ፣ ዘመኑን በግዕዙ ከሊ ብትጽፉት አይምታታም።