ጓደኞችዎ ሰርቨርዎን ሲያጡት፦ በጋራ ግቢ ኢንተርኔት ጌም ለሚያስተናግዱ

ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ፕሮግራም) መነሳቱን፣ የጌሙ ስሪት በሁሉም ዘንድ አንድ መሆኑንና ኢንተርኔቱ መሥራቱን አስቀድመው እንዳረጋገጡ ቆጥሬ እጽፋለሁ። ከዚያ ያለፈውን፣ ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ ኮንዶሚኒየም በየተከራዩ ቤት ስጠራ ደጋግሜ ያገኘሁትን ብልሽት ከምልክቱ ተነሥቼ አስቀምጣለሁ።

ምልክት፦ በግቢው ውስጥ ያሉት ይገባሉ፤ በውጭ ያሉት ግን ጠብቀው ጠብቀው ይመለሳሉ። ፖርቱ (ጌሙ ከውጭ የሚገናኝበት ባለ ቁጥር በር) በራውተሩ ላይ ተከፍቷል።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ፖርቱ ሳይሆን የተከፈተበት ራውተር ነው። በጋራ ግቢ የኢንተርኔቱ መስመር የሚያርፈው በአከራዩ ሳሎን ሲሆን፣ ተከራዩ ከዚያ ኬብል ስቦ የራሱን ራውተር ይተክላል። ሁለቱም ራውተሮች ያልተጠራን እንግዳ በየበራቸው ይመልሳሉ፤ እርስዎ የከፈቱት የጓዳውን በር ብቻ ነው፣ የአጥሩ በር እንደተቆለፈ ነው። ባለሙያዎች ይህን ደብል ናት (ድርብ የአድራሻ ቅየራ) ይሉታል። ለማረጋገጥ ወደ ራስዎ ራውተር የቅንብር ገጽ ገብተው በዋን (ከውጭ የሚመጣው መስመር በሚገባበት) በኩል የተሰጠውን አድራሻ ያንብቡ፤ በ192.168፣ በ10 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከእርስዎ በላይ ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው።

ግንፍሌ አካባቢ በአንድ ሰርቪስ ቤት የሚኖር ተማሪ ለማይንክራፍት ጌም ፖርት 25565ን ሦስት ሌሊት ሲከፍትና ሲዘጋ ከርሞ፣ በመጨረሻ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደገና ጭኖ ነበር። ኬብሉን በእጄ እየዳሰስኩ ብከተለው ወደ አከራይዋ ሳሎን ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ ተከራይ አልጋ ሥር ወሰደኝ፤ እዚያም ሌላ ራውተር ተቀብሮ ነበርና በሮቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ሆኑ። ስለዚህ ከማንኛውም ቅንብር በፊት ኬብሉን እስከ ምንጩ ይከተሉት።

መፍትሄ፦ የተሻለው የራስዎን ራውተር ዋይፋይ አዳይ ብቻ ማድረግ ነው። በመጀመሪያ አድራሻውን ከላይኛው ጋር ወደማይጋጭ ይለውጡ፤ ለምሳሌ የላይኛው 192.168.1.1 ከሆነና 192.168.1.2ን ሌላ መሣሪያ ካልያዘው ያንን ይስጡት። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) ያጥፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኬብሉን ከዋን ቀዳዳ ነቅለው ወደ ላን (የቤት ውስጥ መሣሪያዎች) ቀዳዳ ይሰኩ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ዲኤችሲፒውን ሳያጠፋ ኬብሉን ያዛወረ አንድ የልደታ ልጅ፣ ሁለት አድራሻ አዳዮች እየተሻሙ የጎረቤቶቹን ስልኮች ሁሉ ሲያደናግሩ አምሽተው፣ በማግስቱ መስመሩ ሊቆረጥበት ነበር። ይህ ከተሠራ በኋላ ፖርቱ የሚከፈተው በአከራዩ ራውተር ላይ ብቻ ነው። አከራዩ የሚፈቅዱት የይለፍ ቃሉን ሰጥተው ሳይሆን ራሳቸው አጠገብዎ ተቀምጠው ከሆነ፣ የራስዎን ራውተር እንደነበረ ትተው ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፦ የላይኛው ወደ እርስዎ ራውተር የዋን አድራሻ፣ የእርስዎ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያሳልፍ፣ ሁለቱም አድራሻዎች እንዳይለወጡ ቋሚ ተደርገው።

የአከራዩን ሳጥን በመርፌ ተጭነው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ አይመልሱ። የመስመሩ የመለያ ስምና የይለፍ ቃል አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። አንድ ተከራይ ይህን አድርጎ፣ አከራይዋ «ልጄ፣ ምን ነካህብኝ?» እያሉ የውል ወረቀቱን ከዳዊታቸው መሃል እስኪያገኙት ድረስ ግቢው ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከርሟል። እንዲሁም ቸኩለው ፋየርዎሉን ፈጽሞ አያጥፉ፣ ኮምፒውተሩንም ዲኤምዜድ (ከውጭ የሚመጣው ሁሉ የሚያልፍበት ቅንብር) ውስጥ አያስገቡ፤ አንድ ፖርት ለመክፈት ኮምፒውተሩን ሁሉ ማጋለጥ ነው።

ሁሉን ከፍተው አሁንም ካልገቡ የላይኛውን ራውተር የዋን አድራሻ ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያጋራል፤ ቤትዎ ውስጥ የሚከፈት ፖርት ምንም አይረዳም። የራስዎ የውጭ አድራሻ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፣ አለዚያ እንደ ዜሮቲየር ወይም ቴይልስኬል ያለውን፣ የተራራቁ ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ ቤት የሚያገናኝ ፕሮግራም በሰርቨሩና በእያንዳንዱ ጓደኛዎ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ።

ምልክት፦ በራስዎ ዋይፋይ ሆነው በውጭ አድራሻው ሲሞክሩ አይሠራም። ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም፤ በርካታ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ የሚመለስን ጥያቄ አይቀበሉም። በሞባይል ዳታ ይሞክሩት።

ምልክት፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ላፕቶፖች እንኳ አይተያዩም። አንዱ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ነው፣ ወይም ዊንዶውስ ኔትወርኩን የሕዝብ ብሎ መዝግቦታል።

ምልክት፦ የጃቫው ማይንክራፍት ይሠራል፣ የስልኩ አይሠራም። ሁለቱ የተለያዩ ስሪቶች ናቸው፤ የጃቫው ሰርቨር በቲሲፒ ፖርት 25565 ሲሆን፣ ቤድሮክ የሚባለው የስልኩ በዩዲፒ ፖርት 19132 ነው (ቲሲፒና ዩዲፒ በራውተሩ ላይ የሚመረጡ የመላላኪያ ዓይነቶች ናቸው)።

ምልክት፦ ማታ ማታ ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ያሻቅባል። ብዙ ጊዜ ከግቢው አንዱ ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም እየላከ ነው። መላኪያው መስመር ከመቀበያው ጠባብ በሆነበት ውል አንድ ሰው ይሞላዋል፤ በራውተሩ የእያንዳንዱን መሣሪያ የመላኪያ መጠን ይገድቡ፣ ሰርቨሩንም በኬብል ያገናኙ። ያ ኬብል ግን በጥርስ የተላጠና ጫፉ ሲነካ የሚወላገድ ከሆነ ይጣሉት። እንዲህ ባለ ኬብል የተነሣ ራውተር የቀየሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ምልክት፦ ትናንት ሲሠራ የነበረው መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ እምቢ ይላል። ኮምፒውተሩ ሌላ የውስጥ አድራሻ ተሰጥቶታል፤ በራውተሩ ላይ ቋሚ ያድርጉለት። የውስጡ ካልተለወጠ የተለወጠው የውጩ ነው፤ አዲሱን ለጓደኞችዎ ይላኩ፣ ወይም አድራሻው ቢለወጥም በአንድ ስም እንዲያገኙዎት የሚያደርግ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ያስገቡ።