በነርሲንግ ሆም ሃሎዊንን ማክበር፦ ከረሜላውን የሚያድሉት አረጋውያኑ ይሁኑ

በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን የሚከበረው፣ ልጆች አስፈሪ ወይም አስቂኝ አልባሳት ለብሰው ከደጅ ደጅ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች) የወር መርሐ ግብር ላይ የተለመደ በዓል ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ግዛቶች በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ፣ በልጅነታቸው ያላዩትን በዓል ለሰማንያና ለዘጠና ዓመት አዛውንቶች እንዲያሰናዱ የሚጠየቁ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ከጌጡም ሆነ ከከረሜላው በፊት መወሰን ያለበት የአረጋውያኑ ድርሻ ነው። በአንዳንድ ቦታ ነዋሪዎቹ ባርኔጣ ተደፍቶላቸው፣ ጥቂት ከረሜላ ተሰጥቷቸውና ፎቶ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ በእኔ እምነት ይህ በዓሉን ይገለብጠዋል። በአሜሪካ ልማድ በር የሚያንኳኩት ልጆች፣ ከፍተው የሚያድሉት ደግሞ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። በቡሄ ለጨፋሪ ልጆች ሙልሙል ይዛ ደጃፍ የምትወጣ እናት ያላትን ክብር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የሚያጥባቸው፣ የሚያለብሳቸውና የሚያጎርሳቸው አረጋውያን ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጡ ባለቤቶች እንዲሆኑ ዝግጅቱ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ይታቀድ።

ሥራው ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት ነዋሪዎቹን በመጠየቅ ይጀመር። ብዙዎቹ ያደጉት በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስኳር ከ1942 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. በራሽን ይታደል ስለነበር፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ መሰብሰብ በአገሪቱ በስፋት የተለመደው ራሽኑ ከቀረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዓሉ ሲስፋፋ ልጆች የነበሩት ራሳቸው ናቸው። በሽሮፕ ተለውሶ ስለሚድቦለቦለው ፈንዲሻ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖም በጥርስ ስለመያዝ ጨዋታ፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ወዲህም በወተት ካርቶን ለዩኒሴፍ ሳንቲም ስለማሰባሰብ ቢጠየቁ የሚያወሩት አያጡም። የነገሯችሁን ጻፉት፤ ዝግጅቱን በእነሱ ትዝታ ላይ መመሥረት ከሱቅ ከሚገዛ ጌጥ ሁሉ ይበልጣል።

በዚሁ ጊዜ በዓሉን የማይፈልጉት ይለዩ። የይሖዋ ምሥክሮች አያከብሩትም፤ ከሌሎች ክርስቲያኖችም የሚቃወሙት አሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ለነዋሪዎች መብት ጥበቃ ስለሚያደርግ፣ እንቢ ያለን ሰው ማግባባት ተገቢ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል የሚያስደስተው ሌላ ነገር ይዘጋጅለት። እምነቱ የማይፈቅድለት ሠራተኛም ዝም ብሎ ከመጨነቅ አስቀድሞ ለአለቃው ቢያሳውቅ ይሻላል፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪው ከባድ ጫና እስካልደረሰበት ድረስ ለሠራተኛው እምነት ማስተካከያ እንዲያደርግ ይጠይቃል።

በጌጡ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። የመቃብር ድንጋይ፣ አፅምና የሬሳ ሣጥን በሱቅ ሞልቶ ቢገኝም፣ የጎረቤቱን አልጋ ባለፈው ሳምንት ባዶ ሆኖ ያየ ወይም ራሱ በሆስፒስ (ለሕይወት መጨረሻ በሚሰጥ) እንክብካቤ ላይ ያለ ሰው በሚኖርበት ኮሪደር ከቶ ሊሰቀል አይገባም። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚያዩትን ለመለየት ስለሚቸገሩ፣ የፕላስቲክ ሸረሪት እውነተኛ፣ ጥግ ላይ የቆመ አሻንጉሊት ሰርጎ የገባ ሌባ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍም ጉድጓድ ሊመስላቸው ይችላል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚጥል በሽታ ላለባቸው፣ ድንገተኛ ጩኸት ለጦር ዘማቾችና የመስሚያ መሣሪያ ለሚያደርጉ፣ የጢስ ማሽን ደግሞ ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች አይሆንም። ዱባ፣ ፖምና በጨርቅ የተሠሩ የመከር ቅጠሎች ለቤቱ ከበቂ በላይ ውበት ይሰጡታል።

ኦክስጅን የሚጠቀሙ ሰዎች ባሉበት ቤት ሻማ ፈጽሞ አይበራም፤ ፊት ተቀርጾበት እንደ ፋኖስ በሚበራው የበዓሉ ዱባ ውስጥ የሚገባው በባትሪ የሚሠራ መብራት ነው። ደረቅ የበቆሎ አገዳና ገለባ በቀላሉ እሳት ስለሚይዙ፣ የሚሰቀለውን ሁሉ አስቀድሞ ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ ማሳየት ያስፈልጋል። በግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ መደገፊያ በጌጥ መጠቅለል ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት ነው፤ ነዋሪው የሚይዘው እሱን ነውና ባዶውን ይተው።

ዱባ መቅረጽ ሲታሰብ ቢላውን ሠራተኛው ይያዝ፤ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ውስጡን በእጅ ማውጣቱ ለአረጋውያኑ የሚቀር ደስ የሚል ሥራ ነው። ጣቶቻቸው በአርትራይተስ ለታሰሩት ሳይከፈት በወፍራም ብሩሽ መቀባት ይሻላል። የተከፈተ ዱባ በሞቀ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚሻግት፣ ቅርጹ ከበዓሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ብቻ ይሠራ።

ከፍተኛው አደጋ ያለው ምግቡ ላይ ነው። ጠንካራ ከረሜላ፣ ካራሜል፣ ማርሽማሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ሊያንቁ፣ ተጣባቂዎቹም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊነቅሉ ይችላሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ነዋሪ የምግብ ትእዛዝ ከነርሷና ከአመጋገብ ባለሙያው ጋር ተመሳክሮ በዝርዝር ይያዝ፤ ዝርዝሩም ከረሜላው ባለበት ጠረጴዛ ለሚቆመው ሠራተኛ ይሰጠው። ፒዩሬ (የተፈጨና የላመ ምግብ) ለሚመገቡ ሰዎች ቅርፊት የሌለው ለስላሳ የዱባ ካስተርድ (በወተትና በእንቁላል የሚሠራ ጣፋጭ) በባለሙያው ፈቃድ ሊቀርብ ይችላል። አይስክሬምና ጄሎ (በጄላቲን የሚረጋ ጣፋጭ) ግን አፍ ውስጥ ቀልጠው ቀጭን ፈሳሽ ስለሚሆኑ፣ በቀላሉ እንዲዋጥ የተወፈረ መጠጥ ብቻ ለታዘዘለት ሰው አይሰጡም። የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ ለነርሷ አሳውቆ ትንሽ መጠን ማቅረብ ሰብአዊነት ነው።

ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። አመሻሽ ላይ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች መረበሽ ይጀምራቸዋል፤ ልጆቹም ለሰፈራቸው ዙር ይጣደፋሉ። አረጋውያኑ በመመገቢያ አዳራሹ ዙሪያ በየጠረጴዛቸው ይቀመጡ፤ እያንዳንዳቸው ጎድጓዳ ሳህን በፊታቸው ይኑር፤ የሠራተኞች፣ የቤተ ዘመድና የጎረቤት መዋእለ ሕፃናት ልጆች በትናንሽ ቡድን በአንድ አቅጣጫ ይለፉ። መጨበጥ ለሚያቅታቸው አዛውንቶች በትናንሽ ቦርሳ የታሸገ ስጦታ ይዘጋጅ፤ ምግብ የማይስማማቸው ልጆችም ስለሚኖሩ እርሳስና ተለጣፊ ሥዕል ጎን ለጎን ይቀመጥ። ልጆቹ ፊታቸውን የሚሸፍን ጭምብል እንዳያደርጉ፣ ዝቅ ብለው ዓይን እያዩ ስማቸውን እንዲናገሩና እንዲያመሰግኑ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ሳል ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ ደግሞ እቤቱ ይቅር። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ከፈቀደ፣ አንድ ወይም ሁለት ልጆች ከወላጅ ጋር ወደ ክፍሉ ገብተው ከእጁ ይቀበሉ።

የሚለብሱትን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። ኮፍያ፣ ሻርፕ ወይም ያጌጠ ተሽከርካሪ ወንበር ይበቃል፤ ረጅም ካባ ጎማ ውስጥ ይገባል፤ ዕድሜ ጠገቡን ሰው ሕፃን የሚያስመስል ልብስ ደግሞ አይቅረብ። ሠራተኞች ፊታቸውና የስም ባጃቸው እንደ ወትሮው ይታይ። ፎቶ የሚነሣው በጽሑፍ ከተሰጠ ፈቃድ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ በግል ስልክ አንሥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ከሥራ ሊያስባርር የሚችል ጥፋት ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በየኪሱ፣ በየመሳቢያውና በትራስ ሥር የተደበቀ ከረሜላ እንዳይቀር የማታው ፈረቃ ሠራተኞች ነዋሪውን አስፈቅደው ይመልከቱ። በማግሥቱ ጌጡ ይውረድ፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደደነገጠና ማን ለብዙ ጊዜ ከቆየ ዝምታ በኋላ እንደተናገረም በኬር ፕላን (የነዋሪው የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ ላይ እንዲነሣ ተጽፎ ይቀመጥ።