«ሲስተም የለም» ከማለታችሁ በፊት

ባንክ ስትሄዱ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች አይደል? እኛ ከእሷም ጀርባ ያለን ሰዎች ነን። ባህር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ ስድስት ሆነን ለጀልባ ማህበራትና ለቁጠባ ማህበራት ሶፍትዌር እንሠራለን። ዳታቤዛችን (መዝገቡ ሁሉ የሚቀመጥበት) አንድ ማሽን ላይ አይደለም፤ ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በምንከራያቸው የተለያዩ ማሽኖች ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው። ሲያቃጥለን የከረመውን ነገር ከነመድኃኒቱ እዚህ አስቀምጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው። ደግሞ ቀድሜ ልናገር፤ ግማሹ ችግር ያለው ቢሮው ውስጥ እንጂ ማሽኑ ውስጥ አይደለም።

አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ይፈላል

ምልክቱ፦ የተሳፋሪ ዝርዝር ለመክፈት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ሰርቨሩን ስታዩት ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዳታቤዛችን የተቀመጠው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው፤ ከባህር ዳር እዚያ በአየር መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ በትንሹ 50 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ያውም ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በጎረቤት አገር በኩል ባህር ገብቶ ይዞራል። እኛ አፕሊኬሽኑን ቢሮ ማሽን ላይ፣ ዳታቤዙን ፍራንክፈርት አድርገን፣ አንዱ ገጽ 40 ክዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) እየላከ፣ እያንዳንዱ የፊተኛው መልስ እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር። 40 በ50 አባዙት። ሁለት ሰከንድ!

መፍትሄው፦ አፕሊኬሽኑን ዳታቤዙ ጎን አስቀምጡት፤ ባህር የሚሻገረው የደንበኛው ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ እሱም አንዴ። 40ውን ክዌሪ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰብስቡ። እኛ ገጹን ከሰከንድ በታች ያወረድነው ብር ሳንጨምር ነው።

አንድ ሰው «ኬፕታውን ውሰዱት፣ አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ይቀርባል» ብሎን ነበር። አማዞን የክላውድ ማዕከሉን እዚያ በ2020 ከፍቷል፣ እውነት ነው። ግን ካርታ ላይ ክር ዘርጉና እዩ፤ ከባህር ዳር ኬፕታውን ወደ 5,400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍራንክፈርት ይርቃል። አህጉር አይቶ መምረጥ አያዋጣም። ከራሳችሁ መስመር፣ ጠዋትም ማታም፣ ፒንግ እያደረጋችሁ፣ ማለት ትንሽ መልእክት እየላካችሁ፣ መልሱ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ ለኩ።

አንዱ ማሽን ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል

የዕድር ስብሰባ ታውቃላችሁ። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ የለም። እንደ ኮክሮችዲቢ ያሉት ዳታቤዞች የሚጠቀሙበት ራፍት የሚባለው ስልትም (በ2014 ነው የታተመው) ይኸው ነው፤ ከኖዶቹ (ዳታቤዙን ከሚይዙት ማሽኖች) ከግማሽ በላይ የሆኑት «ተቀብያለሁ» ካላሉ ምንም ነገር እንደተጻፈ አይቆጠርም። ሁለት ኖድ ካላችሁ ከግማሽ በላይ ማለት ሁለቱም ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያለ የለም። አራት ማድረግም ትርፍ የለውም፤ እንደ ሦስቱ ሁሉ የአንዱን መውደቅ ብቻ ነው የሚችለው። ሦስት ወይም አምስት አድርጉ።

እኛ ይህን አውቀን ሦስት አደረግን። ግን ወጪ ለመቆጠብ ሦስተኛውን ኖድ ቢሮ ውስጥ አስቀመጥነው። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ችግር የለም፣ ሁለት ቀርተዋል። በዚያው ሰዓት አንዱ ልጃችን ስለ መብራቱ ማንም ሳይነግረው ከሁለቱ አንዱን ሊያድስ ሪስታርት አደረገው። ሲስተም የለም። እዚህ ላይ ዳታቤዙ የተባለውን ነው ያደረገው፤ ያልተነጋገርነው እኛ ነን። አሁን ማንም ኖድ ከመንካቱ በፊት ስንቱ እየሠሩ እንደሆነ በግሩፕ ቴሌግራማችን ይጽፋል። ሦስተኛው ኖድም ክላውድ ገብቷል፣ ከሁለቱ በተለየ ሕንፃ።

ጥቅምት 30 አልቀበልም ይላል

ይህ የእኛ አገር በሽታ ነው፣ ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። የቁጠባ ማህበሯ ጸሐፊ ደውላ «ጥቅምት 28 ድረስ ይመዘግባል፣ 29 እና 30ን እምቢ አለኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳየው እውነቷን ነው። አንዱ የእኛው ሰው የኢትዮጵያን ቀን ዳታቤዙ የቀን መጻፊያ ላይ እንዳለ ከትቶታል። 2018-02-30 ለእኛ ጥቅምት 30 ነው፣ ለዳታቤዙ ግን ፌብሩዋሪ 30፣ የሌለ ቀን። ፌብሩዋሪ 29ም 2018 ላይ የለም። ጳጉሜ ሲመጣማ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቅም። የባሰው ደግሞ ያለ ስህተት የገቡት ሌሎቹ ቀኖች ናቸው፤ ዳታቤዙ ሁሉንም የፈረንጅ አድርጎ ስለወሰዳቸው ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ተቀምጠዋል።

ሰዓቱም እንደዚያው። ከቀኑ 8 ሰዓት የሚነሳው የዘጌ ጀልባ በፈረንጅ አቆጣጠር የማለዳ 8 ተብሎ ተመዝግቦ ተሳፋሪው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወደብ ላይ ቆሟል።

መፍትሄው፦ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ ዩቲሲ (በፈረንጅ ቀን የሚቆጠረው የዓለም የጋራ ሰዓት) ብቻ ይሁን። ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 11:00 ዩቲሲ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር ስክሪኑ ላይ ብቻ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ የማሽኖቹ ሰዓት ራሱ ከተለያየ ሌላ ጣጣ አለ። ጉግል ስፓነር ለሚባለው ዳታቤዙ አቶሚክ ሰዓትና ጂፒኤስ ነው የሚጠቀመው፤ በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ተናግሮታል። እኛ አቶሚክ ሰዓት ከየት አባታችን እናመጣለን? ኮክሮችዲቢ ሳትነኩት እስከ 500 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይታገሣል፤ አንዱ ኖድ ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ያጠፋል። «ያለ ምክንያት ጠፋ» የምትሉት ኖድ ካለ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ኤንቲፒ (የማሽኖችን ሰዓት በኔትወርክ የሚያስተካክለው) ሁሉም ላይ ይሥራ፣ ከአንድ ምንጭ። በቃ።

ሦስት ማሽን ከፍለን አንዱ ብቻ ይሠራል

የትኬት ቁጥራችሁ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄድ ይሆናል። መዝገቡን በቁጥሩ ቅደም ተከተል የሚከፋፍል ዳታቤዝ ላይ አዲሱ ሁሉ መጨረሻው ክፍል ላይ፣ ማለትም አንዱ ኖድ ላይ ይከመራል። ተራ አስከባሪ የሌለበት ወደብ በሉት፤ ሁሉም አንዷን ጀልባ ሲሻማ ሌሎቹ ታስረው ይውላሉ። የውስጥ መለያውን ዩዩአይዲ (በዘፈቀደ የሚወጣ ረጅም መለያ) አድርጉትና ይበተናል። ለደንበኛው የሚታየው ቁጥር ሌላ ይሁን።

ብር ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ

ኔት ተቋረጠ፣ ስልኩ መልስ አላገኘም፣ ደግሞ ላከ። የመጀመሪያው ግን ገብቶ ነበር። ስልኩ ገና ከመላኩ በፊት ለክፍያው አንድ መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ዳታቤዙ ያንን ቁጥር ሁለቴ እንዳይቀበል አድርጉ። ይህን ሳትሠሩ ሪትራይ (በራሱ ደግሞ መላክ) የሚባል ነገር አትጻፉ። ሎጉ (ዳታቤዙ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ላይ 40001 የሚል የስህተት ቁጥር ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ትራንዛክሽኑ (አንድ ላይ የሚፈጸመው ሥራ) ከሌላ ጋር ተጋጭቷል፣ ከመጀመሪያው ድገመው ማለት ነው።

ዳታ ይጠፋል፣ ማንም ምንም አላየም

የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ወደ ገዳማቱ የሚሄደው እንግዳ የበዛበት። እሁድ ጠዋት አንዱ ጀማሪ ልጃችን የሙከራ ትኬቶችን ሊያጸዳ «ዲሊት» (ሰርዝ) ብሎ የትኞቹን እንደሆነ የሚለየውን «ዌር» ሳይጨምር ላከው። የሳምንቱ ትኬት በሙሉ ጠፋ። ከሦስቱም ኖድ፣ ወዲያውኑ። ሪፕሊካ (በየኖዱ ያለው ቅጂ) ባክአፕ (ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ቅጂ) አይደለም፤ ስህተታችሁንም በታማኝነት ይገለብጥላችኋል።

ልጁ አራት ሰዓት ሙሉ ዝም አለ። ብቻውን ሊያስተካክል ሞከረ፣ ባሰበት። እኔ የሰማሁት ከጀልባ ነጂዎቹ ነው። ስደርስ መጀመሪያ የጮኽኩት «ማነው ይህን ያደረገው?» ብዬ ነበር። ማታ ለብቻው አግኝቼ ምነው አልነገርከኝም ስለው «ጋሼ፣ እሁድ ስለሆነ ቤተክርስቲያን ይሆናሉ ብዬ፣ እንዳልረብሽዎት» አለኝ። ይሉኝታ ነው። ግን ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ሌላዋን ልጅ በሁሉም ፊት እንዴት እንደተቆጣኋት ቁጭ ብሎ አይቷል።

እንግዲህ ምክንያቱ ይህ ነው፤ «ዌር» መርሳት ማንንም ያጋጥማል፣ አራቱን ሰዓት ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ጉግል ውስጥ ብልሽት ሲደርስ የሚጻፈው ሪፖርት ሰው አይወቅስም፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ሲስተሙ ለምን እንደፈቀደው ነው የሚጠይቀው። የአማዞኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ቨርነር ቮግልስም በ2006 ሶፍትዌር የሠራው ቡድን ራሱ ያስኪደው ብሎ ነበር። እኛ ሁለተኛውን ወስደን የመጀመሪያውን ትተነው ነበር። ሌሊት የሚደወልለት ልጅ ሲሳሳት የሚሰደብ ከሆነ ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርጋል፣ አልፈርድበትም።

ያደረግነው፦ «ማነው» የሚለው ጥያቄ ተከልክሏል፣ እኔን ጨምሮ። ከእያንዳንዱ ብልሽት በኋላ አንድ ገጽ ይጻፋል፣ በአማርኛ፣ ስም ሳይጠቀስ። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ስለ ራሴ ስህተት፤ አለቃ ካልጀመረ ማንም አይጀምርም። ዋናው ዳታቤዝ ላይ በእጅ «ዲሊት» ማድረግ ለሁላችንም ተዘግቷል። ባክአፑም ዳታውን ደቂቃ መርጣችሁ ወደፈለጋችሁት ጊዜ የሚመልስ ዓይነት ሆኗል፣ ከኖዶቹ ተለይቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ።

ባክአፑ እንደሚሠራ ለማወቅ በየወሩ አንዴ ባዶ ማሽን ላይ እንመልሰዋለን። ባለፈው ወር ግማሽ ሰዓት መውሰድ የነበረበት ሥራ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የይለፍ ቃሉ ያለው አንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ ነበር፣ ሰውየው ደግሞ ወደ ጎርጎራ በሚሄድ ጀልባ ላይ፣ ኔትወርክ በሌለበት። አሁን ሁለት ሰው ዘንድ አለ። አንደኛው ያ «ዌር» የረሳው ልጅ ነው።