ቤት ጠቅልላችሁ ራቅ ወዳለ ቦታ ልትገቡ ነው? ከመጫናችሁ በፊት ይቺን እዩዋት

ካርቶን መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት መንገዱን አጣሩ። ሰፈር ስትቀይሩ የረሳችሁትን በነጋታው ሄዳችሁ ታመጣላችሁ፣ እንዲህ ሩቅ ሲሆን ግን የተረሳ ዕቃ ቀረ ማለት ነው። ብዙው ጣጣ ደሞ ያለው የመጨረሻዋ አጭር መንገድ ላይ ነው። እዛ የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ ደውሉና ትልቅ መኪና ደጅ ድረስ ይገባል ወይ፣ ድልድዩ ስንት ቶን ይችላል፣ ሲዘንብ መንገዱ ይዘጋል ወይ፣ መኪናው መዞሪያ ቦታ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባ ዕቃው መንገድ ላይ ወደ ትንሽ መኪና ይገለበጣል፣ ያ ማለት ደግሞ ሁለቴ መጫን ሁለቴ ማውረድ ነው፣ የጫኝና አውራጁን ሂሳብ ማን እንደሚችል ቀድማችሁ በጽሁፍ ተስማሙ። "እዛ ስንደርስ እንነጋገራለን" የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ሌላ ነው የምፈልገው።

ምን ልውሰድ ምን ልተው ላይ ብዙ ሰው ዋጋ ያያል። ዋጋውን ተዉትና "እዛ ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል? መለዋወጫስ አለ?" በሉ። ሰንሰር የበዛበት ውድ ማሽን ጠጋኝ በሌለበት አገር ቦታ ከመያዝ ውጪ ምንም አይሠራም፣ እዚሁ ሽጡት። ርካሽ የሚባሉትን ግን በደንብ ያዙ፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፊውዝ፣ አምፖል፣ የቧንቧ ጎሚኒ፣ የእጅ ባትሪ። መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ከሶፋ ይቀድማል!

ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ይነቀል፣ በረዶው ቀልጦ ውስጡ ይድረቅ፣ ከዛ ቆሞ ይጫን። ግድ ሆኖ ተጋድሞ ከሄደ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚሄድ አቁማችሁ 24 ሰአት ያህል ሳይቆይ እንዳትሰኩት። ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ ሲገዛ ከኋላው የነበሩትን ረጃጅም ብሎኖች ፈልጉ (አብዛኛው ሰው ይጥላቸዋል)፣ ከበሮው መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ ስትደርሱ ደግሞ ሳትፈቷቸው ማሽኑን አታስነሱት። መጽሐፍ በትንንሽ ካርቶን፣ ሳህን ቆሞ። ጋዝ ሲሊንደርና ቤንዚን ዝግ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም።

ሲጫን ከባዱ ዕቃ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ታች ይሁን፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና የመጸዳጃ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይጫኑ፣ ምክንያቱም ቀድመው የሚወርዱት እነሱ ናቸው፣ በጨለማ ደክሟችሁ ደርሳችሁ ፍራሽ ፍለጋ ቁምሳጥን ማውረድ አትፈልጉም።

ሰነድ፣ የልጆች ትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ወረቀትና መድኃኒት መኪናው ላይ አይጫኑም፣ ከእናንተ ጋር ይሂዱ። ቅርብ ፋርማሲ ከሌለ ሐኪማችሁን አናግራችሁ የወራት መድኃኒት ያዙ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በረዶ ከሠራ ግን ስለሚበላሽ በቀጥታ በረዶ ላይ አታስቀምጡት። የትኛው ሲም ካርድ እዛ እንደሚሠራ አጣሩ፣ ካርታውን ያለኔትወርክ እንዲከፈት ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ካርቶኖቹን ስትዘጉ ቁጥር ጻፉባቸውና ዝርዝሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። ስታወርዱ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ቁጥሩን ይጥራ፣ የጎደለና የተሰበረ ካለ ሹፌሩ ባለበት ፎቶ አንስታችሁ ደረሰኙ ላይ ጻፉት፣ ከዛ በኋላ ፈርሙለት።