ጅብራዋን ከሸንተረሩ እንዴት እንዳላቀቅኋት

ሰሜን ተራሮች፣ ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ስንወጣ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ አንድ ችግር ነበረበት፦ የጅብራዋ (ቀጥ ብላ የምትቆመው ረጅም የውርጭ ተክል) አናት ከኋላዋ ካለው ጥቁር ሸንተረር ጋር ተጣብቆ አይለይም። ሌንስ ስቀያይር ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። ለካ ጥፋቱ የቁመቴ ነው! ተንበርክኬ ካሜራውን ወደ መሬት ሳወርደው አናቷ ከሸንተረሩ በላይ ወጥቶ ሰማዩ ላይ ጥርት አለ። ዝቅ ማለቱ ግን የፊቱን ጓሳ ስላገዘፈው የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ኤፍ 11 ላይ አድርጌ ሁለቱንም ፎከስ ውስጥ አስገባሁ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ፀሐይ ያረፈባት አንዲት የደረቀች ሰበዝ ዓይን ትስብ ነበር፤ በኋላ ኤዲት ላይ ከማጥፋት ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር ቀለለኝ።

ጥግ ላይ የምታብለጨልጨውን ባዶ ሃይላንድም ከመሬት አነሳሁ። የራሴው ነበረች።